የሚያፏጭ በር

«የበሩን ጎማ ቀይርልኝ» ብሎ የሚመጣ ባለመኪና ብዙ ነው። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም የለም፤ የአዳማን የፍጥነት መንገድ ሲይዝ ግን ጆሮው ሥር ያፏጭበታል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ጎማውን ገዝቶ፣ በፌስታል ይዞት ይመጣል። እኔ ጎማውን ተቀብዬ ወንበር ላይ አስቀምጥና በሩን እከፍታለሁ። ጎማ የሚዘጋው በሩ የተወለትን ክፍተት ብቻ ስለሆነ ምርመራው ከበሩ መጀመር አለበት።

በሩን ገርበብ አድርጌ ጫፉን በሁለት እጄ ወደ ላይ አነሣለሁ። ደህና በር ንቅንቅ አይልም። ቀጭ ብሎ ከፍ ካለ ግን የማጠፊያው ፒን ተበልቷል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚገኘው የሹፌሩ በር ላይ ነው፤ ቀን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፣ ሰውም ሲወርድ ይደገፈዋል። በሩ ሲዘቀዝቅ ከላይ ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ቁልፉም ሲዘጋ እየፋቀ ይገባል። እዚህ ላይ አዲስ ጎማ መትከል ገንዘብ መጣል ነው።

ማጠፊያው ደህና ከሆነ ምሰሶው ላይ ወደታሰረው መያዣ እሄዳለሁ፤ የበሩ ቁልፍ የሚነክሰው ብረት ማለቴ ነው። ብሎኖቹን ከማላላቴ በፊት ዙሪያውን በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ያህል ገፋ አድርጌ አጠብቀዋለሁ። ይህቺ አንድ ሚሊሜትር ስንቱን መኪና ዝም እንዳሰኘች አይቻለሁ።

ጎማው የት እንደላላ የሚነግረኝ የብር ኖት ነው። ኖቱን በጎማው ላይ አድርጌ በሩን ዘግቼ እስበዋለሁ። እየተያዘ ከወጣ ጥሩ፤ ሸርተት ብሎ ከመጣ ቦታው አየር ያስገባል። እንዲህ እያልኩ በሩን ዙሪያውን እፈትሻለሁ። ጥርጣሬ ከቀረኝ የበሩን ክፍተት ከውጭ በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር አሽግና መኪናውን መንገድ ላይ አወጣዋለሁ። ፉጨቱ ከጠፋ ፕላስተሩን በክፍል በክፍል እያነሳሁ እንደገና እነዳለሁ፤ ሲመለስ ቦታው ተገኘ። ካልጠፋ ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ የመስታወቱን ሐዲድ ወይም የስፖኪዮውን ሥር አያለሁ።

ቆሞ ሲታይ ደህና የሚመስል በር ለምን መንገድ ላይ ያፏጫል? በፍጥነት ሲነዳ በመስታወቱ ላይ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ከውስጡ ያንሳል። ስለዚህ የበሩ የላይኛው ክፈፍ ወደ ውጭ ይሳባል፤ ለጥቂት የነካ ጎማ ያን ጊዜ ይለቃል። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የነፋሱ ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ የማይሰማውም ለዚህ ነው።

መንቀጭቀጭ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚንቀጫቀጭ በር ሁልጊዜ ጎማ አይፈልግም። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ያለው ጨርቅ ሲያልቅ መስታወቱ ይመታል፤ በሩ ውስጥ ያለው የቁልፉ ዘንግም ከክሊፑ ሲወጣ ያንኳኳል። መስታወቱን አጋማሽ ላይ አቁሞ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ሁለቱን ይለያቸዋል።

ጎማው በእውነት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን መቀየር ነው። በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ጎማ አልወደውም፤ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ሰዎችም በኃይል እየገጩ ይዘጉታልና ቁልፉ ያልቃል። ስንተክል ጥግ ላይ መወጠር የለበትም፤ የተወጠረ ጎማ ይሳሳል። መጋጠሚያውም ከታች ይሁን እንጂ ዝናብ በሚወርድበት በላይኛው በኩል አይሁን። ብዙዎቹ የበር ጎማዎች ከኢፒዲኤም የተሠሩ ናቸው፤ ፀሐይን ይችላሉ፣ ዘይትና ናፍጣ ግን ያሳብጣቸዋል። እንዲያብረቀርቅ ብለው የሞተር ዘይት የሚቀቡ ሰዎችን ሳይ እቆጫለሁ። በሳሙና ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሲሊኮን በስሱ መቀባት በቂ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። ሞተር የሸፈነው ድምፅ ሁሉ እነሱ ዘንድ ይሰማል፤ ትንሿ ፉጨት ሳትቀር። ፍተሻው ግን ያው ነው፤ ማጠፊያ፣ መያዣ፣ ከዚያ የብር ኖቱ።