በጆሮ የሚቃኝ ሞተር

የስቶክሆልም መንገዶች ላይ ጨው መነስነስ ሲጀምር አሮጌዎቹ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ጋራዥ ይገባሉ። ከእነርሱ አንዷን፣ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራችውን ኤምጂ ቢን፣ እንኳን ጨው ጤዛም ያዝጋታል። ባለቤቷ ከበሩ በታች ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጦ ይበይዳል፤ በባለ አራት ማርሹ ፋንታ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይገጥማል (“ፋብሪካ እንደሠራት ትቅር” ባዮችን አይሰማም)። እኔን የሚማርከኝ ግን ሁለቱን ኤስዩ ካርቡራቶሮች ማስማማቱ ነው። የጎማ ቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራቶሩ አፍ ላይ ደግኖ ፉጨቱን ያዳምጣል፤ ከዚያ የሁለተኛውን። ብሎኗን ጥቂት ያዞራል፣ ደግሞ ያዳምጣል። ፉጨቱ እኩል ሲሆን ሞተሩ ይረጋጋል። ስዊድኖች ለዚህ ባዳ አይደሉም፤ የራሳቸው ቮልቮ ፒ1800ም በ1961 ሲወጣ ኤስዩ ካርቡራቶር ነበረው፤ የተገጣጠመውም እንግሊዝ አገር ነው።