«ሰላም በክብር» እንደ ተውኔት

ጦርነት የሚያበቃ መሪ የሚጨነቀው በውሉ አንቀጾች ብቻ አይደለም፤ ፍጻሜው በሕዝብ ዓይን ፊት በሚቀርብበት መልክም ነው። የቬትናም ጦርነት ለዚህ ሁነኛ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 መጨረሻ ፓሪስ የተሰበሰቡት ተደራዳሪዎች ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገቡ ስለ ጠረጴዛው ቅርጽ ለሳምንታት ተከራከሩ። ነገሩ ቢያስቅም ተውኔት ያዘጋጀ ሰው አይስቅበትም፤ ማን ከማን ትይዩ እንደተቀመጠ ተመልካቹ ቃለ ተውኔቱ ሳይጀመር ያነበዋልና።

ዋናው ተዋናይ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ነበሩ። ስምምነቱ በኦክቶበር 1972 በአብዛኛው ተጽፎ ነበር። የደቡብ ቬትናሙ መሪ ቲዩ ግን አልቀበልም አሉ። በዲሴምበር ሃኖይ በቢ-52 አውሮፕላኖች ተደበደበች። ጃንዋሪ 27 ቀን 1973 የተፈረመው ውል ከኦክቶበሩ እምብዛም አልራቀም። እንግዲህ ድብደባው ከውሉ ቃል ይልቅ የለወጠው የፈራሚውን ቁመና ነው፤ ለዚህም ቁመና የሃኖይ ነዋሪዎች በሕይወታቸው ከፈሉ።

ከፊርማው አራት ቀን በፊት ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው «ሰላም በክብር» ሲሉ አወጁ። ንግግሩ እንደ ድርሰት ሲመዘን ጥበቡ ያለው በተዘለለው ላይ ነው። የምርኮኞቹ መመለስና የአሜሪካ ጦር መውጣት በግልጽ ተነገረ፤ በደቡብ የሰፈረውን የሰሜን ሠራዊት ውሉ ውጣ እንደማይለው ግን አልተነሣም። ተመልካቹ ክብሩን ሰማ፤ ክፍተቱን አላየም።

በዚያው ዓመት 591 ምርኮኞች ሲመለሱ ካሜራዎች ተደርድረው ጠበቋቸው። የቤተሰቦቻቸው እንባ ልምምድ አልነበረውም፤ በትዕይንቱ ውስጥ የማይታማው ክፍል ይኸው ነው።

ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ሳይጎን ስትያዝ ኒክሰን ከሥልጣን ከወረዱ ስምንት ወር አልፏቸው ነበር።