ጎረቤት የሌለው ሥዕል

ልብ ወለድ ያልጣመው ሰው መጽሐፉን ይከድናል፤ ዜማ ያልተስማማው ራዲዮኑን ይዘጋል። ሕንፃ ግን በፊቱ የሚያልፍ እግረኛ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ በየዕለቱ የሚያየው የጥበብ ሥራ ነው። ስለሆነም መኖሪያ ሕንፃን የመዳኘቱ ሥራ ለመሐንዲሱና ለገዢው ብቻ ሊተው አይገባም፤ ሂስም የራሱ ድርሻ አለው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ፣ ለሽያጭ የሚቀርቡትን ቅንጡ አፓርትመንቶች በዚህ ዓይን ልንመለከታቸው እንወዳለን።

ምርመራችንን ከማስታወቂያው ሥዕል እንጀምር፤ ብዙው ሕዝብ ሕንፃውን የሚያውቀው በሥዕሉ ነውና። እንዲህ ባለው ሥዕል ላይ ዘወትር የሚታየው ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሚያብረቀርቅ ባለ መስተዋት ሕንፃ፣ ከሥሩም ጥቂት ዛፎችና አንድ አዲስ መኪና ነው። ግራና ቀኙ ባዶ ነው፤ ወይም በጭጋግ ተሸፍኗል። የጽሑፉ ዝርዝርም ከሥዕሉ ጋር ይስማማል፦ የመዋኛ ገንዳ፣ የስፖርት ማዘውተሪያ፣ ጄኔሬተር፣ የጉድጓድ ውኃ፣ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ፣ ከኩሽናው አጠገብም ጠበብ ያለች «የሠራተኛ ክፍል»። መብራትና ውኃ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን መመኘት ነውር የለበትም። የሂሱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከአጥሩ ውጭ ለቆመው ሰው የሚተርፍ ምን አለ? «የከተማ እይታ» ተብሎ የሚሸጠው እንኳ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚሠራ ነው።

ስሙን ያነሣን እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ጊዜ የተወረሰ ነው። ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ድርጅት በምሕፃረ ቃል «ኢንቺስ» ሲባል «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የፋሺስቱ የከተማ ፕላን ነጩን ከአገሬው ተወላጅ ለመለየት የታቀደ ነበር። ሰፈሩ በመለያየት ተወለደ ማለት ነው። ከድል በኋላ ግን ሕዝቡ ስሙን በራሱ አንደበት አለዝቦ ቦታውን የራሱ አደረገው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ደግሞ ዘበኛውና መምህሩ፣ ጠላ ሻጯና የቢሮ ጸሐፊዋ በቀበሌ ቤት ግድግዳ ተጋርተው ኖሩ። ይህን ኑሮ እንደ ገነት መሳል ሐሰት ይሆናል። ጣሪያው ያፈስስ ነበር፤ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ ለሚከፈለው አነስተኛ ኪራይ ምላሹ የማይታደስ ቤት ነበር።

ይሁንና ከዚያ መጠጋጋት ጥበብ በቅሏል። አዝማሪ የእንግዳውን ፊት አይቶ ስንኝ ይቋጥራል፤ እንግዳውም «ተቀበል» ብሎ የራሱን ይሰጠዋል። ይህ ጥበብ ጠባብ ክፍል፣ የሚቻል ኪራይና የሚተዋወቅ ሕዝብ ይሻል። የካዛንቺሱ ፈንድቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ በውዝዋዜ ባለሙያው በመላኩ በላይ አመራር የሙዚቃ፣ የግጥምና የሥዕል መድረክ ለመሆን የበቃው በዚህ አፈር ላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ተነሺዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወሩ፤ የፈንድቃም ቤት አልቀረም። በዚያው በጥቅምት ወር፣ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በብዙ ጥንቃቄ ታድሶ ዳግም ተከፈተ። አርክቴክቱ ጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል የሠራው ግን አፈወርቅ ተክሌ ነው። ይህ ስፋት ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የሚሸጥ ሰፊ አፓርትመንት የሚይዘው ያህል ነው፤ አፈወርቅ የአንድን አህጉር ትናንት፣ ትግልና ተስፋ አስፍሮበታል። አዳራሹም በአጥርና በጥበቃ ውስጥ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም መስተዋት የሰማይን ነጸብራቅ ከመመለስ ሌላ የሚናገረው ነገር ሊኖረው እንደሚችል ምስክር ነው። ቅርስን መጠበቅ እናውቅበታለን፤ የዕውቀታችን ጉድለት ታላቁን አዳራሽ ቅርስ ብለን ትንሿን የአዝማሪ ቤት ፍርስራሽ ማለታችን ላይ ነው።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። የአፓርትመንቶቹ ጥፋት ቁመታቸው ወይም ምቾታቸው አይደለም። በመለያየት ተወልዶ ሕዝብ ያቀራረበውን ሰፈር መልሰው በዋጋ የሚለያዩ መሆናቸው ነው። ሻጩ «ካዛንቺስ» የሚለውን ስም ከካሬ ሜትሩ ጋር አብሮ ይሸጣል፤ ስሙን ያከበሩት ሰዎች ግን በሥዕሉ ውስጥ የሉም።

መድኃኒቱም ከአቅም በላይ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጡ የሥራ ኃላፊዎች ከምድር ቤቱ ወለል ጥቂቱ ለመንገደኛ ክፍት እንዲሆን፣ ለአዝማሪና ለሠዓሊ በሚችሉት ኪራይ እንዲሰጥ ሊጠይቁ ይችላሉ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ተነሺዎቹ ልከው የየግቢውን ታሪክ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ያስጽፉ። ሠዓሊያንም ያንን የማስታወቂያ ሥዕል እንደገና ይሣሉት፤ በዚህ ጊዜ ግን ጎረቤት ይኑርበት።