ብዕሩ ሲቀየር ያልተቀየረው ዓይን

ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ሲያርፍ «የጊዜ መንኮራኩር» የተሰኘው ምናባዊ ልቦለዱ ገና 11ኛው ቅጽ ላይ ነበር። ከ1990 ጀምሮ የተከተሉትን አንባቢዎቹን ግን ሜዳ ላይ ጥሎ አልሄደም፤ የመጨረሻውን ትዕይንት ራሱ ጽፎ፣ የቀረውን በማስታወሻና በቃል ለቤተሰቡ አስረክቧል።

አደራውን ለብራንደን ሳንደርሰን የሰጠችው የጆርዳን ባለቤት ሃሪየት ማክዱጋል ናት። ወጣቱ ደራሲ ለጆርዳን የጻፈውን የስንብት ጽሑፍ አነበበች፤ ቀጥላም አንድ ልቦለዱን። በአንድ ቅጽ ያልቃል የተባለው መደምደሚያ ሦስት ሆኖ በ2009፣ በ2010 እና በ2013 ታተመ።

አብዛኛው ሂስ «እንደ ጆርዳን ይጽፋል ወይ?» በሚለው ላይ ይቆማል። አይጽፍም፤ እጽፋለሁም አላለም። ጆርዳን በቀሚስ ጥልፍ ላይ አንድ አንቀጽ ሙሉ ሲቆይ፣ ሳንደርሰን በሁለት ቃል አልፎት ወደ ውጊያው ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር፣ 10ኛው ቅጽ ላይ እንቅልፍ ለጣለን ሰዎች ሩጫው እፎይታ ነበር።

ለሳንደርሰን የከበደው ሳቁ ነው። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ማት ኮተን በጆርዳን እጅ የሚያስቀን ቀልድ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ራሱን ብልጥ ፈሪ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ከአደጋ እሸሻለሁ እያለ ሲምል፣ እግሩ ቀድሞ እሳቱ ውስጥ ይገኛል። በ12ኛው ቅጽ ግን ይኸው ማት አንዲት ከተማ ከመግባቱ በፊት ለባልደረቦቹ ዝርዝር የሐሰት የሕይወት ታሪክ ጽፎ ያድላቸዋል። ትዕይንቱ ፈገግ ያሰኛል፤ ሆኖም ማት እኛን ለማሳቅ ሲደክም ይታያል። ሳንደርሰን ራሱ በዚያ ቅጽ ማትን እንደሳተው በኋላ አምኗል። ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚነግሥ ከማስታወሻ ይገኛል፤ ሰው ራሱን የሚሸነግልበት ቃና ግን ማስታወሻ ላይ አይሰፍርም።

በዚያው ቅጽ መጨረሻ ሌላ ሳቅ አለ። የተከታታዩ ዋና ገጸ ባሕርይ ራንድ አልቶር ተራራ ጫፍ ላይ ብቻውን ሆኖ ዓለምን ሊያጠፋ ይቃጣል፤ ከዚያ ይስቃል። ይህን ሳቅ የቀደሙት 11 ቅጾች ሲያዘጋጁት ኖረዋል። ከሳንደርሰን የሚጠበቀው ከመንገዱ ዞር ማለት ነበር፤ ዞር አለ።

ለእኔ ግን የተከታታዩ ቀጣይነት የሚገኘው ከሁለቱም ደራሲዎች ውጭ ነው። ሃሪየት ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ የጆርዳን አርታኢ ነበረች፤ የሳንደርሰንንም ሦስት ቅጾች ያረመችው እሷው ናት። የሁለት ሰው ብዕር ያለፈበትን ሥራ አንድ ዓይን ነው ያነበበው፤ ስሟ ግን ሽፋኑ ላይ የለም።

ጆርዳን በጻፈው መዝጊያ፣ ራንድ የቀድሞ ኃይሉን አጥቶ ሳለ ፒፓውን በሐሳብ ብቻ ይለኩሳል። እንዴት? መጽሐፉ አይመልስም። ሳንደርሰን በራሱ ልቦለዶች የአስማትን ሕግ አብጠርጥሮ በማስረዳት የታወቀ ጸሐፊ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ አንዲት የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር ብትገባ ማንም አይቆጣም ነበር። አላስገባትም፤ ሃሪየትም እንዳለ ተወችው።