ሥዕላዊ መጻሕፍት በምድጃ ዳር፦ በስሜን ግርጌ ካሉ ቤተሰቦች አንጻር የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የሕፃን ትምህርት በአንደኛ ክፍል ደወል እንደማይጀምር በመምህራን ስብሰባ ሁሉ ይነገራል። ነገር ግን ይህ አባባል ከአባባልነት አልፎ፣ ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት በቤቱ ምን ዓይነት መጽሐፍ ሊያይ እንደሚገባው ወደ መመርመር የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም ብዙ ሒስ ተጽፏል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃን የሚታተመው ሥዕላዊ መጽሐፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በቅጂው ብዛት እንጂ በውስጡ ባለው ነገር አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት በጥቂቱም ቢሆን ማሟላት ነው። መመዘኛው የተወሰደው ከአሳታሚው ጠረጴዛ ሳይሆን ከዳባት፣ ከደባርቅና ከስሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት የገበሬ ቤቶች ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት፤ ዳባትም ከእርሷ ቀደም ብላ በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ አገር ብርዱ ቤተሰቡን በጊዜ ወደ ምድጃ ይሰበስበዋል፤ ወላጅና ሕፃን ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት ሰዓትም ይኸው የምሽቱ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለሕፃናት የተዘጋጀ መጽሐፍ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «በዚህ ምድጃ ዳር ምን ቦታ አለህ?» የሚለው ነው።

1. ከመጽሐፍ በፊት የነበረው ትምህርት

ወደዚህ ምድጃ የሚመጣ መጽሐፍ ባዶ ቤት አያገኝም። አያት ተረት ታወጋለች። ተረቱ ሲጀመር ተራኪዋ ብቻዋን አትናገርም፤ ልጆቹ በተለመደው ቃል ካልመለሱላት ተረቱ አይቀጥልም። ከተረቱ አጠገብ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ሰጥቶ ይገላገላል።

ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ትልቅ ነገር አለ። በደጋው አማራ ቤት ሕፃን በአዋቂ ፊት ዝም እንዲል፣ ሲጠየቅም አጭር መልስ እንዲሰጥ ሆኖ ያድጋል፤ ይህም እንደ ጨዋነት ይቆጠርለታል። በእንቆቅልሽ ጊዜ ግን ይኸው ሕፃን አባቱን ይጠይቃል፣ ያርማል፣ ይረታል፣ አገርም ይቀበላል። የመናገር ፈቃድ በጨዋታው ሥርዓት ተሰጥቶታልና ነውር አይሆንበትም።

በዘመናዊው የሥነ ትምህርት ጥናት አነጋጋሪ ንባብ ተብሎ የሚጠራው ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም። ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች መጽሐፉን አንብቦ ከመጨረስ ይልቅ በሥዕሉ ላይ ጥያቄ እንዲያቀርቡና የሕፃኑን መልስ ተቀብለው እንዲያሰፉ ሲለማመዱ፣ የሕፃናቱ ንግግር በአንድ ወር ውስጥ ከእኩዮቻቸው ቀድሞ መገኘቱን አሳይተዋል። ሕፃኑ መልስ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ቀስ በቀስ ተራኪ እንዲሆን ማድረግ የዘዴው ፍሬ ነገር ነው። ይህን ለስሜን ቤተሰብ እንደ እንግዳ ሥልጠና ከማቅረብ «ገጹ እንቆቅልህ ይላል፤ ልጁ ይመልሳል» ብሎ ማስረዳት ይበልጥ የሚቀልና ለእውነቱም የሚቀርብ ነው።

2. ስለ ሁለት መጻሕፍት

በዚህ መመዘኛ ሁለት መጻሕፍትን እንመልከት። የመጀመሪያው በዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ተጽፎ፣ በቦጋለ በላቸው ሥዕል አሸብርቆ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የማሞ ቂሎ ተረት ነው። ደራሲው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠራተኛ ሆነው ሲያገለግሉ በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ማጣታቸው አሳስቧቸው ሥራውን እንደ ጀመሩ ይታወቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትም ከዚሁ ጥረት የመነጨ ነው።

የተረቱ ምርጫ የሚመሰገን ነው። ማሞ ቂሎ እናቱ ለዛሬ ሥራ የሰጠችውን ምክር ለነገው ሥራ ያለ ቦታው እየተረጎመ ይሳሳታል። ስሕተቱ በተደጋገመ ቁጥር የአራት ዓመቱ አድማጭ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል፤ «አሁንም ሊሳሳት ነው!» ብሎ ከተራኪው ቀድሞ ይጮኻል። ገጹን መግለጥ እንቆቅልሽን እንደ መፍታት ይሆንለታል። ከዚህም በላይ በዚህ ተረት ሞኙ ልጅ ነውና፣ ሕፃኑ ለአንድ ምሽት ከሌላ ልጅ በላይ ብልህ ሆኖ ይውላል።

ጉድለት የሚታየው በሁለት ቋንቋ ማተም ላይ ነው። ለውጭ አገር ተወላጅ ለሆነው የኢትዮጵያዊ ልጅ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ትልቅ ጸጋ ነው። ፊደል ለይታ በዝግታ ለምታነብ የዳባት እናት ግን የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሥዕሉንና የአማርኛውን ፊደል ቦታ የሚሻማ ሸክም ነው። አንድ መጽሐፍ ሁለቱንም አንባቢ እኩል ሊያገለግል አይችልም፤ የገጠሩ ቤተሰብ ለራሱ የተዘጋጀ እትም ይገባዋል።

ሁለተኛው መጽሐፍ በማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ጽፋው፣ ኢ. ቢ. ልዊስ በውኃ ቀለም የሣለው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው «እሳት በተራራው ላይ» ነው። ታሪኩ የቆየ የኢትዮጵያ ተረት ነው፤ ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የተረት ስብስብ ውስጥም ይገኛል። በከርትዝ አቀራረብ ዓለማየሁ የተባለ ልጅ በስስ ሸማ ብቻ በብርዳም ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ለማደር ከባለጸጋ ጌታው ጋር ይወራረዳል። ሌሊቱን ያሳለፈው በሩቅ ተራራ ላይ የሚነድ እሳት እየተመለከተ መሆኑን ሲናገር፣ ጌታው «እሳት ማየት መሞቅ ነው» ብሎ ውርርዱን ይክደዋል። ልጁና እኅቱም ግብዣ አዘጋጅተው ለጌታው ሽታውን ብቻ በማቅረብ ፍርዱን ወደ ራሱ ይመልሱበታል።

ሒስ ሊያተኩርበት የሚገባው ኃይል ከዚህ ላይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ምክር በቃል አይሰጥም፤ ፍርዱ የሚታየው በነገሩ ነው። በአማርኛ ከሚታተሙት የሕፃናት መጻሕፍት ብዙዎቹ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ስለዚህ ልጆች ሆይ» ብለው ትምህርቱን ይዘረዝራሉ፤ በዚህም ሕፃኑ ሊናገረው የሚገባውን ቃል ከአፉ ይነጥቁታል። የዓለማየሁን ታሪክ የሰማ ልጅ ግን ጌታው ስለ ምን እንደ ተረታ ራሱ ማስረዳት አለበት፤ ማስረዳትም ይችላል።

የስሜን ልጅ ለዚህ መጽሐፍ ከማንም የቀረበ አንባቢ ነበር። ውርጭ የመታውን ሜዳ ያውቃል፤ በደበሎ ተጀቡኖ ከብት ጠብቋል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመውን የራስ ዳሸንን ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይሰማል። ይሁንና መጽሐፉ የታተመው በባዕድ ቋንቋ፣ ብርዱን በመስታወት ውስጥ ሆነው ለሚመለከቱ ልጆች ነው። ጥፋቱ የደራሲዋ አይደለም፤ ለተራራው ልጅ ስለ ተራራው መጽሐፍ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነበር።

3. ስለ ሥዕሉ

ሥዕል ለጎንደር አገር ሕፃን አዲስ ነገር አይደለም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ዘንዶውን በግድግዳው ላይ ያያል፤ «ይህ ማነው?» ተብሎም ይጠየቃል። በዚህ የሥዕል ባህል መሥመሩ ደማቅ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ቀለሙ ያልተቀላቀለ ነው። ቅዱሳን በሙሉ ፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች በአንድ ጎን ፊት። ይህ ሁሉ በጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከሩቅ እንዲነበብ የተበጀ ጥበብ ነው።

የምድጃ ዳርም ብርሃን ደካማ ነው። በኩራዝ ወይም በትንሽ የፀሐይ መብራት የሚታይ መጽሐፍ ደብዛዛ ቀለምና የተጨናነቀ ዝርዝር አይስማማውም። በአንድ ገጽ አንድ ነገር፣ በደማቅ መሥመር የተከበበ፣ ከፊደሉ የተለየ ቦታ ያለው መሆን አለበት። ወረቀቱም ጭስና የልጅ እጅ የሚችል ይሁን። ይህ ስለ ውበት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ መጽሐፉ ከአንድ ክረምት በላይ ይቆይ ወይስ አይቆይ የሚለውን ይወስናል።

ስለ ይዘቱም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ቀጭኔና ዝሆን በሚታዩበት መጽሐፍ ላይ የደባርቅ አባት ከስማቸው በቀር የሚለው ነገር የለውም። ጭላዳ የተሣለበት ገጽ ቢቀርብለት ግን ወሬው አያልቅም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጭላዳና ዋልያ የአገር ኩራት ሆነው በፖስታ ካርድ ላይ ይታያሉ። ለገበሬው ልጅ ግን ጭላዳ ከገብስ ማሳ ላይ በድንጋይ ሲያባርረው የሚውል ሌባም ነው። እንስሳውን የሚያስወድድ ብቻ ሆኖ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይህን ልጅ ዝም ያሰኘዋል፤ ሁለቱንም ገጽታ የሚያሳይ መጽሐፍ ግን እውነተኛ ክርክር ያስነሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ስለ ተራራው ያላቸው እውቀት በዚህ ዓይነት ገጽ ላይ ሊቆይ ይችል ነበር።

4. ስለማታነብ እናት

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 42 ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች ግን ከመቶ 69። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት አያቶች ብዙዎቹም የሚያነቡት በማጣታቸው የተማሩትን ረስተውታል። ታዲያ «ለልጅሽ አንብቢለት» የሚለው ምክር ለብዙዎች ወቀሳ ሆኖ አይቀርምን?

ጽሑፍ ለሌለው ሥዕላዊ መጽሐፍ መሟገት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በደቡብ አፍሪካ በካየሊቻ በ91 እናቶችና ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ለስምንት ሳምንት ሥዕላዊ መጽሐፍን ከሕፃን ጋር መመልከት የተለማመዱ እናቶች ልጆች በቃላት እውቀትና ነገርን አተኩሮ በመመልከት ብልጫ ማሳየታቸውን ገልጿል። የሚያስፈልገው ፊደል ሳይሆን ጣትን በሥዕሉ ላይ አድርጎ መጠየቅና የልጁን ቃል መጠበቅ ነው። የኤርትራ ስደተኞች በ2014 ዓ.ም. መስፈር በጀመሩበት በዳባት አጠገብ ባለው ዓለምዋጭም ቢሆን፣ ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ አማርኛም ትግርኛም ለሚናገር እኩል ይከፈታል። ፊደል የቆጠረ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ባለበት ቤት ደግሞ አንባቢው እርሱ፣ ጠያቂዋ እናት ሊሆኑ ይችላሉ።

5. ከሩቅ የሚታይ እሳት

በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠርቷል፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተሻሽለው ታትመዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመረቀው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም የአማርኛ የሕፃናት መጻሕፍትን ያለ ክፍያ አቅርቧል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ትምህርት ሁለት ዓመት መድቧል።

እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው። ይሁን እንጂ በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ርዕስ ተዘጋጅቷል» ብለን ስናበቃ፣ የዓለማየሁን ጌታ ክርክር እየደገምን መሆናችንን ማስተዋል አለብን። በመጋዘን ያለ ቅጂ፣ በርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን የተቆለፈ መጽሐፍ፣ መረብ በማይደርስበት ቀበሌ በስክሪን ላይ አለ የሚባል ተረት ከሩቅ የሚታይ እሳት ነው። ሕፃኑ አየው እንጂ አልሞቀውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው አራት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ለገጠር ሕፃናት የሚዘጋጅ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በማታ፣ በምድጃ ብርሃን፣ በማታነብ እናት እጅ ይፈተን። ሁለተኛ፣ ከሚታተሙት ርዕሶች የተወሰነው ክፍል ጽሑፍ የሌለው ይሁን፤ ምክሩም ከመጨረሻው ገጽ ይነሣ። ሦስተኛ፣ መምህሩ መጽሐፉን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ለተማሪው ያውሰው፤ መጽሐፍ ይቀደዳል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ነገር ግን የተቀደደ መጽሐፍ ቢያንስ ተከፍቶ ነበር። አራተኛ፣ ዕቅድ አውጪው ከቅጂው ቁጥር ጋር መጽሐፉ ያደረበትን ቤት ይቁጠር።

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ሲያወጉ የሚያያቸው ልጅ ሁሉ ለእርሱ ብቻ የሚናገሩ ይመስለው ነበር። መልሱን ግን ሊሰሙት አይችሉም ነበር። በዳባትና በደባርቅ ምድጃ ዳር የተቀመጡት አያት ይሰሙታል። መጽሐፉ ሊያግዛቸው እንጂ ሊተካቸው አይገባም።