የኤድመንድ ዕዳና የኛ ሴራ

ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የጻፈው ለልጆች ነው። ታዲያ የልጆች መጽሐፍ እኛን ምን ያወያየናል የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከለንደን የአየር ድብደባ እንዲሸሹ ወደ ገጠር የተላኩ አራት ልጆች፣ ወንድማማችና እኅትማማች፣ በቁም ሣጥን ውስጥ አልፈው ናርንያ ከምትባል አገር ይገባሉ። አገሪቱን ጠንቋይ ይዛታለች፤ በረዶው አይለቅም፣ ገናም አይደርስም። (እዚህ ላይ ተርጓሚ ይቸገራል። «ክረምት» እንዳይል የኛ ገና የሚውለው በበጋ ፀሐይ ነው። ለዳምቦያ ልጅ ዝናቡ የማያባራበት፣ መሳላ የማይመጣበት አገር ብትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል፤ ለሆሳዕናው ልጅ ደግሞ ያሆዴ በሉት።) ከአራቱ አንዱ ኤድመንድ፣ ለጣፋጭና ለንግሥና ተስፋ ብሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ይከዳል። በአገሪቱ ጥንታዊ ሕግ ደግሞ የከዳተኛ ደም የጠንቋይዋ ነው። አንበሳው አስላን በልጁ ፈንታ ይገደላል፤ ኋላም ይነሣል።

ይህ ከክርስቶስ ሕማም የተቀዳ መሆኑን ለመናገር ሐያሲ አያስፈልግም፤ በኛ አካባቢ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅም ይነግራችኋል። እኔን የያዘኝ ሕጉ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች «ሴራ» ስንል የድርጊቶችን ትስስር ማለታችን ነው። በተራው አማርኛ ሴራ ተንኮል ነው። በከምባትኛና በሀዲይኛ ግን ሴራ ማለት ሕግ ነው፤ ጎረቤት የሚተዳደርበት፣ ለቅሶ የሚደራረስበት፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት ደንብ። ሴራ ያፈረሰ ሰው ይገለላል፤ የሚመለሰውም ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት አምኖ ነው።

የሉዊስ ትልቁ ብልኀት አንበሳው ሴራውን አለማፍረሱ ነው። ሱዛን ከሕጉ ማምለጫ አይገኝም ወይ ብትለው ፊቱን ያጠቁርባታል። ኃያል ነኝና ምሬዋለሁ አላለም፤ ከፈለ። ይሄ በኛ ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። በተረታችን አንበሳ ሲፈርድ የምናውቀው እንዴት ነው? አንበሳ፣ ነብርና ጅብ የበሉትን ሲናዘዙ «ምን አለበት» ይባባላሉ፤ ሣር የነጨችው አህያ ስትናዘዝ ግን ኃጢአቱ ሁሉ የእሷ ሆኖ ትበላለች። እዚያ ደካማው ስለ ኃያላኑ ይሞታል፣ እዚህ ኃያሉ ስለ በደለኛው። ያንን ተረት እሳት ዳር ሰምቶ ያደገ አንባቢ አስላን ብቅ ሲል መጠርጠሩ አይቀርም። ይጠርጥር! ጥርጣሬው የሞቱን ትዕይንት ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ኤድመንድ ከጠንቋይዋ እጅ ወጥቶ ሲመለስ አንበሳው ለብቻው ያነጋግረዋል፤ ምን እንዳለው አንሰማም። ልጁም እያንዳንዳቸውን ይቅርታ ይጠይቃል። እስከዚህ ደግ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሉሲ ሱዛንን ትጠይቃታለች፤ አንበሳው ስለ እሱ የሆነውን ያውቃል? አያውቅም፣ ይከብደዋል ትላለች ሱዛን። ሉሲ ማወቅ አለበት ባይ ናት። ወሬው ይቋረጣል፤ ደራሲውም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አይመለስበትም። በ1952 በወጣው «የዶውን ትሬደር ጉዞ» ላይ ኤድመንድ አንበሳው እንዳዳነው ሲናገር እንሰማለን፤ ማን ነገረው? መቼ? ነግሮትስ ምን ሆነ? ዋናው ትዕይንት የተዘለለ ይመስለኛል።

አንድ የማደሪያ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። ኤድመንድ በጦርነቱ መሀል ገብቶ የጠንቋይዋን በትር ሲሰብርና ሊሞት ሲደርስ የተከፈለለትን አያውቅም፤ ቢያውቅ እንደ ባለዕዳ ይዋጋ ነበር፣ ባለማወቁ ግን የገዛ ልቡ ነው የተዋጋው ይላል። እኔም መልስ አጥቼለታለሁ። ሆኖም ይቅርታውን ከማን እንዳገኘ እንጂ በምን እንደተገዛ የማያውቅ ሰው፣ በሽማግሌ ፊት ቢቆም ምን ብሎ ያምናል? ከሉሲ ጋር ነኝ።

የተከታታዩን ሌሎች ስድስት መጻሕፍት ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።