አሻንጉሊትና ተረቱ፦ የሚሰበሰበው ምኑ ነው?

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር የሚገኘው ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሳይቆሙበት በፊት የገበሬ ማሳ ነበር። በእንዲህ ያለው አገር የእረኛ ልጅ በሬውንና ላሙን ከጭቃ አበጅቶ ይጫወታል። ዛሬ በሕንፃዎቹ ውስጥ የሚያድገው ሕፃን በእጁ የሚይዘው በአብዛኛው ከገበያ የተገዛውን ባለ ጭንብል የፕላስቲክ ጀግና ነው። ከሁለቱ አሻንጉሊቶች የትኛው ለትውልድ ይቆያል? ለምንስ? ጥያቄው የኪነ ጥበብ ጥያቄ ነው፤ አንድ ኅብረተሰብ ለልጁ የሚነግረው ታሪክ ሥጋ ለብሶ የሚታየው በአሻንጉሊቱ ነውና።

በምዕራቡ ዓለም የቆዩ የጀግና አሻንጉሊቶችን መሰብሰብ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። ሐስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተሰኘውን፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወታደር ሲያወጣ፣ ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት ተጫወተ እንዳይባል አዲስ ስያሜ ፈጠረለት። በ1977 ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ሲወጣ ኬነር የተባለው ኩባንያ ምስሎቹን ለገና በዓል ማድረስ ስላልቻለ፣ የማረጋገጫ ወረቀት የያዘ ባዶ ካርቶን ሸጠ። ማቴል ደግሞ ሂ-ማንን በ1982 ለገበያ አቀረበ፤ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሙ የተከተለው በ1983 ነው። በዚህ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ተረቱ የሸቀጡ ማስታወቂያ ሆነ። ሰብሳቢው ከሁሉ አብልጦ ዋጋ የሚሰጠውም ካርቶኑ ላልተከፈተው፣ የልጅ እጅ ላልነካው ነው።

የእኛ ታሪክ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጂ.አይ. ጆ በወጣበት ዓመት፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ፣ በዚሁ ጣቢያ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነግረዋል። ተረቱን ሕያው ያደረገው ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን ተረቱን በእጁ ይዞ የሚጫወትበት ቁስ ልጁ አላገኘም።

ክፍተቱን በከፊል የሞላው በመምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ ጥረት የተፈጠረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን በትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር የተሸለመው የዚህ ሥራ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ ስትጀመር ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። የሥራው ብልኅነት እዚህ ላይ ነው፤ ካልሲ በየቤቱ አለና የተመለከተው ልጅ የራሱን ፀሐይ ሊሠራ ይችላል። ቅርፁ ይዘቱን አስተማረ ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2018 የታተመው ጀምበር የተሰኘው የሥዕል መጽሐፍ ጀግናውን ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ምሩቅ ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው፤ ችግሩ ከጎረቤት የተወሰደ ነውና። የአተራረክ ስልቱ ግን የአሜሪካውን የጀግና መጽሔት ፈለግ ይከተላል፤ ጥንካሬው ካለበት ከይዘቱ ጋር የሚመጣጠን አገራዊ ቅርፅ ገና ይጠበቅበታል።

ከባዕዱ ሰብሳቢ ሊወሰድ የሚገባው ታዲያ ጥንቃቄው እንጂ የገበያ መንፈሱ አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በስድስት ኪሎ ዐውደ ርእዩን በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት አዋቅሮ ከልጅነት መጀመሩ ለዚህ መልካም አርአያ ነው። ነገር ግን የሽቦ መኪና፣ የቆርኪ ጎማ፣ የጨርቅ ኳስና የጭቃ በሬ ዋጋ የላቸውም እየተባሉ ቤት በተቀየረ ቁጥር ይጣላሉ። ጭቃው ከነተሰበረ ቀንዱ፣ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው መንደር እንደተሠራና ምን ተረት እንደተነገረበት ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል። በኮዬ ፈጬ በማሳው ላይ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እጃቸውም አሠራሩን አልረሳም። መምህራን እነርሱን ወደ ክፍል ጋብዘው ከልጆቹ ጋር ጭቃ ቢያስቦኩ፣ ለስብስቡ የመጀመሪያው መደርደሪያ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሊቆም ይችላል።